ግንቦት ላይ የጠፋው ደንበኛ

የጅማ ሰው ሐሙስ የገበያ ቀን መሆኑን ማንም ሳያስታውሰው ያውቃል። ከጅሬን ኮረብታ በታች ያለው የሂርማታ ገበያ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋር አብሮ ስሙ የገነነ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ኸርበርት ሉዊስ ስለ ጅማ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ይህ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አቻ እንዳልነበረውና እስከ 30 ሺህ ሰው ይሰበሰብበት እንደነበር መዝግቧል። 30 ሺህ የሚለውን ቁጥር ብዙዎቻችን እንወደዋለን፤ ስለ ጅማ ሲወራ ቀድሞ ይነሣል። አብራው የመጣችውን ቅድመ ሁኔታ ግን መንገድ ላይ ጥለናታል። ሉዊስ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ያለው በበጋ፣ ያውም ገበያው በደራበት ቀን ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣው ሰው የጅማን ጭቃ አይቷል። በክረምት ወንዙ ሞልቶ፣ አህያው ተንሸራቶ፣ ገበሬው አረም ላይ ውሎ ገበያው ሲሳሳ «ገበያተኛው ኮበለለ» ብሎ አልጻፈም። ከቁጥሩ አጠገብ ወቅቱን አስቀመጠ። እኔ ደግሞ ኑሮዬ ከሶፍትዌር ሠሪዎች ጋር ስለሆነ፣ ወቅት የሌላቸው ቁጥሮች ስክሪን ላይ ሲያብረቀርቁ በየቀኑ አያለሁ።

እነዚህን ቁጥሮች የሚያወጡ ሁለት መሣሪያዎችን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልናገር። ሪቴንሽን የሚሉት፣ አንድን መተግበሪያ ዛሬ የጀመሩ ሰዎች ነገ፣ በሰባተኛው ቀን፣ በሠላሳኛው ቀን ስንቶቹ ተመልሰው እንደከፈቱት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ሂትማፕ የሚሉት ደግሞ እንቅስቃሴን በቀለም የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ ሰው የበዛበት ሰዓት፣ ቀን ወይም የስክሪን ቦታ ይጠቁራል ወይም ይቀላል፣ ሰው ያልደረሰበት ይነጣል። ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሀብ የዓመቱን ቀናት በትንንሽ አረንጓዴ ካሬዎች የሚያሳየው ሰሌዳ ከዚሁ ወገን ነው። ሁለቱም የተሠሩት ለአንድ ጥያቄ ነው፤ «ሰዎቹ የሠራነውን ይፈልጉታል ወይ?»

ጅማ ውስጥ የማውቃቸው ወጣቶች የቡና ዋጋ የሚያሳይ መተግበሪያ ሠርተው ነበር፤ ለቡና ሰብሳቢዎችና አቅራቢዎች። ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ቀዩ እሸት ሲለቀም ሰሌዳቸው ጠቆረ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቡና ቤት ቁጭ ብለው ስልካቸውን ለሰው ሁሉ ያሳዩ ነበር። የካቲት ሲመጣ ቀለሙ ሳሳ። ሚያዝያና ግንቦት ነጭ ሆነ። በዚህ ጊዜ ከውጭ አገር ጽሑፍ የተማሩትን መድኃኒት አወጡ፤ ለጠፋው ሁሉ «ናፍቀኸናል፣ ተመለስ» የሚል አጭር መልእክት ላኩ። ከማና ወረዳ አንድ አቅራቢ ደወለ። ልጆቹ ተደስተው ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረጉት።

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ ሰውዬው።

«ምንም አላጠፉም ኦቦ፤ ከጠፉብን ቆዩ ብለን ነው።»

«የት እጠፋለሁ? ግንቦት ላይ የምን ዋጋ ልይ? ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። ቡናው ሲደርስ እመጣለሁ።» ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለመሆኑ እንዳልከፈትኩት በምን አወቃችሁ?»

ሰውዬው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ነገር ተናገረ። የመጀመሪያው ስለ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ስለ መታየት። ሁለተኛውን በኋላ አነሣዋለሁ።

በልጆቹ ሠንጠረዥ ይህ ሰው የሞተ ነው። ቃሉን ለማጋነን የተጠቀምኩበት አይደለም፤ ሠንጠረዡ ራሱ የተወለደው ከሬሳ መዝገብ ነው። ለንደን ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ የነበረው ጆን ግራውንት በ1662 (እ.ኤ.አ.) የከተማዋን የቀብር ዝርዝሮች ሰብስቦ፣ ከተወለዱ መቶ ሰዎች ስንቱ እዚህ ዕድሜ ላይ ይደርሳል፣ ስንቱስ ያንን ያልፋል የሚል ስሌት አሳተመ። ኤድመንድ ሃሊ በ1693 የብሬስላውን ከተማ መዝገብ ይዞ ስሌቱን አጠራው። ቪልሄልም ሌክሲስ በ1875 በአንድ ዓመት የተወለዱትን በአንድ መሥመር እያስኬደ የሚያሳይ ሥዕል አበጀ። ዛሬ «በመስከረም የገቡ»፣ «በጥቅምት የገቡ» እያለ ተጠቃሚዎችን በተርታ የሚደረድረው የሶፍትዌር ሠንጠረዥ የዚህ ሥዕል የልጅ ልጅ ነው። መግባት ልደት፣ አለመመለስ ሞት።

ግራውንት አልተሳሳተም። በእሱ መዝገብ ላይ የወጣ ሰው አይመለስም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ «የለም» ማለት ለዘለዓለም «የለም» ማለት ነበር። የእኛ ስህተት ያንን ሒሳብ ወስደን መመለስ ለሚችል ፍጡር መጠቀማችን ነው። የሶፍትዌር ሰዎችም ነገሩ ሳይከነክናቸው አልቀረም፤ ከቆየ በኋላ ተመልሶ የመጣ ተጠቃሚ ሲገጥማቸው በገዛ ቋንቋቸው «ከሞት የተነሣ» ብለው ይመዘግቡታል። የማናው አቅራቢ በየዓመቱ መስከረም ላይ ከሞት ይነሣል ማለት ነው። ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያቅተኝም።

ነገሩ የሚያስቀው ሠንጠረዡ ታማኝነትን እለካለሁ ስለሚል ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በቁርጡ ወቅት፣ ሳይጠሩት የሚመጣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ታማኝ ይሁን? ቡና ራሱ አንዱን ዓመት አብዝቶ ካፈራ በሚቀጥለው ይሰንፋል። ስለዚህ የአቅራቢው እውነተኛ ዑደት ሠላሳ ቀን ቀርቶ አሥራ ሁለት ወርም ላይሆን ይችላል። ሠላሳ የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከወር ሒሳብ፤ ወርኃዊ ክፍያ ከሚሰበስብ ድርጅት፣ በየሩብ ዓመቱ ለባለ አክሲዮን መልስ ከሚሰጥ ኩባንያ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኞቹን «በ90 ቀን ውስጥ የተንቀሳቀሰ» እያለ ይቆጥራል። ለስልክ ኩባንያ 90 ቀን ምክንያታዊ ነው። ምክንያቱ ግን የሚገኘው በኩባንያው ደብተር ውስጥ ነው፤ ማና ያለው ዛፍ አያውቀውም።

ጅማ ላይ ጊዜን የሚያስኬዱት ቢያንስ ሦስት የቀን መቁጠሪያዎች ናቸው። የዘመን መለወጫው በመስከረም ነው። በአገሩ አቆጣጠር ወርኃዊ ሪፖርት የሚያወጣ ሰው ጳጉሜ ላይ ሲደርስ የአምስት ወይም የስድስት ቀን ወር ያጋጥመዋል፤ ግራፉም ገደል ይገባል። በፈረንጅ ወር የሚቆጥረው ደግሞ ዘመን መለወጫንም መስቀልንም በአንድ ሴፕቴምበር ውስጥ አጭቆ «ለምን እንዲህ ሆነ» ይላል። ሦስተኛው የሂጅራ ነው። ረመዳን በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት፣ የዘንድሮን መጋቢት ከአምናው መጋቢት ጋር የሚያወዳድር ሰው የጾምን ወር ከፍስክ ወር ጋር እያነጻጸረ ሊሆን ይችላል። በጅማ ረመዳን ሲገባ የከተማው ሰዓት ይዞራል፤ ቀኑ ጸጥ ይላል፣ ከተራዊህ ሶላት በኋላ ያለው ሌሊት ይሞቃል። ሰርቨሩ በግሪኒች ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ ቀኑ የሚለወጥለት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ለሱሁር ምግብ የተነሣ ሰው መተግበሪያውን 8 ሰዓት ተኩል ላይ ከፍቶ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መልሶ ቢከፍተው፣ ሠንጠረዡ በሁለት ተከታታይ ቀን የመጣ ትጉህ ደንበኛ አድርጎ ያደንቀዋል።

ከዚህ የከፋም አለ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በዚያ ጊዜ የተሠራ ማንኛውም ሂትማፕ ላይ አንድ ነጭ ሰቅ አለ። ሰቁ ስለ ተጠቃሚው ምንም አይናገርም። የሐዘንና የፍርሃት ሳምንታት ነበሩ፤ ሰው ዘመዱን ማግኘት አቅቶት ይንቆራጠጥ ነበር። ዓመታት አልፈው ታሪኩን የማያውቅ ሌላ ባለሙያ ሥዕሉን ሲከፍት የሚያየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በዚህ ወር ፍላጎት ጠፍቷል»።

ስለ ቀለሙ ትንሽ ልቆይ፤ ዓይን ከቁጥር ይልቅ ለቀለም ይሸነፋልና። የሂትማፕ አደጋው ማብራራት የሚያስፈልገው አለመምሰሉ ነው። ቀይ ከሆነ ሰው አለ፣ ነጭ ከሆነ ባዶ ነው ብለን እናልፋለን። ስትራቫ የተባለው የሯጮችና የብስክሌተኞች መተግበሪያ በኅዳር 2017 (እ.ኤ.አ.) የዓለምን እንቅስቃሴ በብርሃን የሚያሳይ ካርታ አወጣ። ሦስት ወር ሳይሞላው አንድ ተማሪ በረሃ መካከል ተለይተው የሚያበሩ ቦታዎች የወታደር ካምፖች መሆናቸውን አሳየ። ዓለም የተነጋገረው ስለ ምሥጢሩ መውጣት ነው። እኔን የሚገርመኝ በካምፖቹ ዙሪያ ያለው ጨለማ ነው። እዚያ ሰው ይኖራል፣ ይሄዳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ከብት ያግዳል። ስትራቫ የጫነ ስልክ ስለሌለው ብቻ ካርታው ላይ የለም።

ስክሪን ላይ የሚሠራው ሂትማፕም እንዲሁ ያታልላል። ጣት የበዛበት ቦታ ይቀላል። አጋሮ ላይ ኔትወርኩ ሲጎተት ሰው «ላክ» የሚለውን አንድ ጊዜ ይጫናል፣ ይጠብቃል፣ ምንም የለም፤ ደግሞ ይጫናል፣ ደግሞ፣ ደግሞ። ያ ቦታ ከስክሪኑ ሁሉ ይልቅ ይቀላል። አዲስ አበባ ሆኖ ሥዕሉን የሚያየው ዲዛይነር «ይህን ቁልፍ ወደውታል» ቢል ሥዕሉ አይከራከረውም። ብስጭትም ፍቅርም ቀያቸው አንድ ነው።

ከሁሉ የባሰ ሆኖ የማገኘው ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነገር ነው። መርሐ ግብሩ ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ የእያንዳንዱ ቤት ታሪክ ፋሚሊ ፎልደር በሚሉት የወረቀት ማኅደር ይያዛል። በኋላ ነገሩ ወደ ታብሌትና ስልክ ተሸጋገረ፤ ኮምኬር በተባለ መድረክ ላይ የተሠራ፣ ኔትወርክ በሌለበትም የሚሠራ ሥርዓት ነው። የገጠሯ ሠራተኛ ቀን ስትዞር የመዘገበችው ስልኩ ውስጥ ይቀመጥና ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ መዝገብ ሁለት ሰዓት አለው፤ ስልኩ ላይ የተሞላበትና ሰርቨሩ የተቀበለበት። ሂትማፑን የሚሠራው ሰው የትኛውን ዓምድ እንደመረጠ ካልተጠነቀቀ፣ ሥዕሉ ሴትየዋ ሕፃን ያስከተበችበትን ሰዓት ትቶ ኮረብታው ላይ ወጥታ ኔትወርክ ያገኘችበትን ሰዓት ያሳያል። ዝናብ ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ፣ ቻርጅ ሲያልቅ ደግሞ ቀን በወረቀት የያዘችውን ማታ ቤቷ ተቀምጣ ትገለብጣለች። ያን ጊዜ ሁለቱም ዓምዶች ማታ ይላሉ። ከወረዳ ሆኖ የሚያየው ተቆጣጣሪ ቀኑ ነጭ፣ ምሽቱ ጥቁር ሆኖ ያገኘዋል። «ቀን ምን ትሠራለች?» ብሎ ይጠይቃል። ቀን ስትዞር ነው የዋለችው። የቆሸሸው ጫማዋ ሰርቨሩ ላይ አይጫንም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የተጠየቀች ሠራተኛ ምን ታደርጋለች? ሞኝ ካልሆነች ካሬዎቹ ቀን ቀን እንዲጠቁሩ ታደርጋለች። እናት እያወራቻት ዓይኗን ከስልኩ አትነቅልም። በሶፍትዌሩ ሠፈርም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል፤ ጊትሀብ ፕሮግራመሮች ሳያቋርጡ የሠሩበትን የቀናት ብዛት የሚያሳየውን ቆጣሪ በግንቦት 2016 (እ.ኤ.አ.) ከሰሌዳው ላይ አነሣው። ሰው ካሬዋን አረንጓዴ ለማድረግ ብሎ እሑድን ሲያጣ፣ ሥራ ያልሆነ ሥራ ሲልክ ይታይ ነበር። ቆጣሪውን ማንሣት ለሚከብደው ኩባንያ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በእኛ በኩል ቆጣሪ ሲጨመር እንጂ ሲነሣ ብዙም አላየሁም።

አሁን ወደ ጠፉት ልመለስ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ አንድ የጅማ ጥናት ነው፤ ስለ ሶፍትዌር አይደለም። ከበደ ደሪቤ እና ባልደረቦቹ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ሲሆን፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጀምረው ያቋረጡ ሰዎችን ይመለከታል። ሪቴንሽን በሆስፒታል ቋንቋ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ በየጊዜው ይወሰዳል፣ ያልመጣ ሰው ይቆጠራል። መድኃኒቱን ከጀመሩት 1,270 ሰዎች ውስጥ 915ቱ ክትትል ላይ ነበሩ። 355ቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ቀጠሮ አልፏቸዋል።

የሶፍትዌር ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። 72 በመቶ ተመልሷል፣ 28 በመቶ ጠፍቷል፤ ሠንጠረዡ ተሞላ። አጥኚዎቹ ግን የ355ቱን መጨረሻ ሊለዩ ሞከሩ። 101ዱ ወደ ሌላ ተቋም ተዛውረዋል። 75ቱ ሞተዋል። 6ቱ መድኃኒቱን እንደገና ጀምረዋል። በትክክል አቋረጡ የሚባሉት 173 ሆኑ። በሰርቨር ዓይን አራቱም አንድ ናቸው፤ አልመጡም። አንዱ ግን በሕይወት መድኃኒቱን ሌላ ቦታ ይወስዳል፣ ሌላው አፈር ለብሷል። በዚህ ልዩነት ላይ ቀለም መቀባት አይቻልም፤ መሄድና መጠየቅ ብቻ ነው የሚቻለው።

ሄደው ሲጠይቁም ነገሩ ሁሉ አልጠራም። ከአብዛኞቹ ምክንያቱ አልተገኘም። ከተገኘባቸው ውስጥ በመድኃኒቱ ተስፋ መቁረጥ፣ የምግብ እጥረት፣ የአእምሮ ሕመም፣ ጸበል፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ማጣት፣ ሌላ ሕመም ይገኛሉ። ከጅማ ከተማ ውጭ መኖር ከማቋረጥ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። እስቲ ይህን ዝርዝር እንደገና አንብቡት። ከሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ሊነበብ የሚችለው ጥቂት ነው። «ምግብ» የሚል ዓምድ የለም። «ተስፋ» የሚል ዓምድ ማንም አያበጅም።

ከዚህም ሌላ አንድ ቁጥር አለ፤ 61.6 በመቶ። በዚህ ያህሉ ሰዎች ላይ ፍለጋው ያልተሳካው መዝገቡ ላይ የተጻፈው አድራሻ ትክክል ስላልነበረ ነው። አንድ አስተዳዳሪ ይህን ሲያነብ «አድራሻ አመዘጋገባችንን እናስተካክል» ይላል፤ ትክክልም ነው። የቤት ቁጥር በሌለበት ሠፈር «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» የሚል አድራሻ ወፍጮ ቤቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። እኔ ግን ከዚህ ውስጥ የተወሰነው የጸሐፊ ስህተት አይመስለኝም። በዚያ ዘመን ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ጎረቤት ቢያውቅበት ከቡና ማኅበሩ፣ ከዕድሩ፣ ከኪራይ ቤቱ ሊገለል ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ፈልጎ የሚመጣበትን በር ሲያገኝ፣ ሌሎች ወደ እሱ የሚመጡበትን በር ቢዘጋ ምን ይገርማል? የተሳሳተ አድራሻ መልስም ሊሆን ይችላል። «መድኃኒቱን ስጡኝ፣ ቤቴን አታንኳኩ» ማለት ነው።

የማናው አቅራቢ ሁለተኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ትገባለች። እንዳልከፈትኩት በምን አወቃችሁ? ሆስፒታሉ የጠፋውን ሰው ሲፈልግ ምክንያት አለው፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሰው ሊሞት ይችላል። ይህን የሚያህል ምክንያት ያለው ፈላጊ እንኳ ከተፈላጊው ፈቃድ ጋር ተጋጭቷል። የቡና ዋጋ የሚያሳይ መተግበሪያ ምን የሚያህል ምክንያት ይዞ ነው የሰውን ጣት ከሌሊት እስከ ሌሊት የሚከተለው? የጅማ መንግሥት ወሰኖቹ ላይ ኬላ ነበረው፤ ነጋዴ ሲገባና ሲወጣ ይታይ ነበር፣ ይቀረጥም ነበር። አገዛዙ ደግ ነበር ልል አይደለም፤ ጅማ በባሪያ ንግድም ስሟ የሚነሣ አገር ነበረች፣ በእነዚያ በሮች ያለፈው ሁሉ ጨውና ማር ብቻ አይደለም። ነገር ግን በኬላው የሚያልፍ ነጋዴ መቆጠሩን ያውቅ ነበር። ጠባቂውን ያየዋል፤ ጠባቂውም ያየዋል። የሂትማፕ ጠባቂ አይታይም። የማናው ሰውዬ ልጆቹ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ እንዳደረጉት እንኳ አላወቀም።

አገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ መረጃ የሚሰበስብ አካል በሕግ መሠረት፣ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበስብ ይጠይቃል። ሕግ መኖሩ ጥሩ ነው። «እስማማለሁ» የሚለውን ሳጥን ሳያነብ የሚጫን ሰው ግን በዚያ አንድ ጭነት የፈቀደውን ነገር ያውቃል ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

የግዴታ ነገርንም በዚሁ ላንሣ፤ ብዙ አያቆየኝም። ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሸጥ የተባለው ሕግ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልሎች ሰፍቷል። የጅማ ባጃጅ ነጂ ለነዳጅ ክፍያ ቴሌብርን በየቀኑ ቢከፍት፣ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ ከምርጥ ደንበኞች ተርታ ይሰለፋል። ሌላ በር የሌለው ሰው በዚያው በር ይመላለሳል። መተግበሪያውን ሊወደውም ይችላል፤ ብዙ ሰው ይወደዋል። ሠንጠረዡ ግን ይህን ከዚያ መለየት አይችልም። ግዴታ ባለበት አገር መቶ በመቶ የሆነ ሪቴንሽን የሚያስደስተኝ ቁጥር አይደለም።

አትቁጠሩ እያልኩ ያለ ከመሰለ፣ አይደለም። የጅማው ሆስፒታል የቀጠሮ መዝገብ ባይይዝ ኖሮ 355 ሰዎች መቅረታቸውን ማንም አያውቅም ነበር። ወረፋው እንደሆነ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ የቀረውን ሰው ቦታ ሌላው ይይዘዋል፣ ሐኪሙም ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ቤቱ ይገባል። ፊት ለፊት ያለ ሰው የሌለውን ሰው ይጋርዳል። ይህን መጋረጃ የሚገልጠው ቁጥር ብቻ ነው፤ ለዚህ ውለታው እጅ እነሣዋለሁ። ክርክሬ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ነው። መዝገቡ «አልመጣም» ይላል። «አልፈለገም» ያልነው እኛ ነን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሆስፒታሉ እስከ ታማሚው ቤት ያለው ርቀት ነው፤ በእግር ወይም በባጃጅ የሚኬድ፣ ገንዘብና ቀን የሚጠይቅ፣ ብዙ ጊዜም በተሳሳተ አድራሻ የሚያበቃ።

በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል፤ ስለ ራሱ። ከጅማ ከተማ ውጭ መኖር ከማቋረጥ ጋር ከተያያዘ፣ ግኝቱ ስለ ታማሚው ጠባይ ከሚነግረን ይልቅ ስለ አገልግሎቱ ቦታ የሚነግረን ይበልጣል። ሩቅ የሆነው ሰውየው ነው ወይስ መድኃኒቱ? የቡና ዋጋውም እንዲሁ ነው። ልጆቹ ግንቦት ላይ የጠፋ ደንበኛ አገኘን ሲሉ፣ ግንቦት ላይ ለአቅራቢው የሚሆን አንዳችም ነገር መተግበሪያቸው ውስጥ አለመኖሩን ነበር ያገኙት። ሠንጠረዡ ትክክል ነበር፤ ስም ያሳሳቱት እነሱ ናቸው። ያ ነጭ ወር የማናው ሰው ነጭ ወር አልነበረም። እሱ ያን ጊዜ ጥላ ዛፉን ይመለምላል፣ ችግኝ ያጠጣል፣ ብድር ይመልሳል፣ ልጅ ይድራል። ነጭ የነበረው የእነሱ ወር ነው።

ደግሞም አለመመለስ ስኬት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልጇ ክትባቱን ጨርሶላት የወጣች እናት፣ የጠየቀውን ዋጋ በአንድ እይታ አግኝቶ ስልኩን ኪሱ የከተተ ገበሬ፣ መሬቱ ተመዝግቦለት ከጽሕፈት ቤት ደጃፍ የተገላገለ ባለ ጉዳይ፤ እነዚህ ባይመለሱ ደስ ሊለን ይገባል። አንድ የመንግሥት አገልግሎት መተግበሪያ «ተጠቃሚዎቻችን በሳምንት አራት ጊዜ ይከፍቱናል» ብሎ ሲኮራ ብሰማ፣ ሰዎቹ ጉዳያቸው ሳያልቅ በስልክ እየተመላለሱ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። «ነገ ተመለስ» የምንለው የቢሮ በሽታ ስክሪን ላይ ሲወጣ ጥሩ ሪቴንሽን ይባላል።

ይህን መጽሔት የሚያነብ ሰው ብዙው ፕሮግራመር አይደለም። ግን በአንድ ስብሰባ ላይ፣ በጤና ጣቢያ፣ በባንክ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በትምህርት ቤት፣ ቀለም የተቀባ ሥዕል ግድግዳ ላይ ወጥቶ «ይህን ያህል ሰው ጠፍቶብናል» የሚባልበት ቀን ይገጥማችኋል። ያን ቀን ሁለት ነገር ጠይቁልኝ። ሥዕሉ የማንን ወር ይዞ ነው የቆጠረው? ከጠፉት ሰዎችስ ስንቱን አነጋገራችሁ? መልሱ «ማንንም» ከሆነ አትቆጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ የስልክ ካርድና የትራንስፖርት ብር አስይዙላቸው።